የቶሎሳ ሁለት የእጅ ሰዓቶች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ነፍሱን ይማረውና ሳይሰማ አረፈ። ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ለእሷ መንገር በሬዲዮ እንደማስነገር ነው። ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት አራግፌያለሁ፤ በጾም ቅቤ መቅመሴን፣ የጎረቤቴን ዶሮ በድንጋይ መፈንከቴን፣ በቅዳሴ መሐል የሰው ቀሚስ ስመለከት መቆየቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ደብቄያለሁ። ሰበብም ነበረኝ። ታሪኩ የሚጀምረው ከኮምፒዩተር ነው፤ አባ ደግሞ «ኮምፒዩተር ምንድን ነው ልጄ?» ማለታቸው አይቀርም፤ እሱን አስረድቼ እስክጨርስ የንስሐው ጊዜ ያልፋል እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። አሁን አባ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ከእኔ በተሻለ ይነካካሉ፤ ሰበቡም አለቀ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ማን እንደሆኑ ባላውቅም ዛሬ እርስዎ ቁጭ ብለው ይስሙኝ። መሳቅዎ አይቀርም፤ እኔም ስጽፈው እየሳቅሁ ነው። ሳቅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ አለ፤ ጥፋቴም ያደገው በሳቅ ውስጥ ነው። ብቻ ከሳቁ በኋላ ይፍረዱብኝ።

ስሜ ስንዱ ነው። በደርግ ዘመን፣ አዳማ ገና ናዝሬት እየተባለች፣ ሥራው ከመብራት ጋር በተያያዘ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ጣቶቼ ፈጣኖች ነበሩ፤ ምላሴም ከእነሱ አይተናነስም ነበር። ገና አላገባሁም፤ ከናዝሬት ወጥቼ ያየሁት ትልቁ ዓለም ሶደሬ ነው። ውጭ አገር መሄድ ግን እፈልግ ነበር። ለምን ቢሉኝ በቅጡ አላውቀውም፤ በረዶ ለማየት ይመስለኛል።

ኢንጂነር ፈቃደ የሚባሉ ወጣት አለቃችን ከምሥራቅ ጀርመን ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ሰው ሁሉ ፍሪጅ ወይም ቴፕ ይዘው ይመጣሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ይዘው የመጡት በስስ ጥቁር ዲስኮች ላይ የተቀዳ ፕሮግራም ነበር። ዲስኮቹን በሸሚዛቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነው ከአውሮፕላን የወረዱት ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አንድ ኮምፒዩተር በውሰት መጣልን። ማሽኑ ሙቀት አይወድም ተባለና ኤርኮንዲሽን ተገጠመለት። የናዝሬትን የሚያዝያ ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በግቢያችን ውስጥ ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ እሱ ብቻ ብርድ ላይ ተቀምጦ ይኖራል።

አቧራ እንዳይገባበት ወደ ክፍሉ የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ታዲያ መግባት ያልፈለገ ማን ነበር? የሂሳብ ክፍል ሴቶች ከገበያ ያመጡትን ቲማቲም እዚያ ያሳድራሉ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ ዘውዴ «የሥራውን ሂደት ለመከታተል» ይልና ጫማውን አውልቆ፣ የተቀደደ ካልሲውን ዘርግቶ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያንኮራፋል። እኔ ደግሞ በታይፒስትነቴ የማሽኑ ጸሐፊ ተደረግሁና ብርድ መታኝ ብዬ ሹራብ መልበስ ጀመርኩ። በናዝሬት ሹራብ ለብሼ ስሄድ ሰው ዞር ብሎ ያየኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ፕሮግራሙን ኢንጂነሩ «ሚዛን» ብለው ሰየሙት። ሥራው የኤሌክትሪክ ዋጋን ከአገር አገር ማነጻጸር ነው። «መብራት ማለት እንደ ቲማቲም ነው» ይሉን ነበር፣ የሂሳብ ክፍልን ቲማቲም እያሳዩ። «ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲፈልገው ይወደዳል፤ ሁሉም ሲተኛ ይረክሳል።» ሚዛን የእኛን፣ የጅቡቲን፣ የኬንያንና የሱዳንን በየሰዓቱ ጎን ለጎን ያስቀምጥና ማን ለማን በየትኛው ሰዓት ቢሸጥ እንደሚያዋጣ በመስመር ስሎ ያሳያል። የጎረቤት አገሮቹን ዋጋ ኢንጂነሩ በደብዳቤ ለምነው አገኙ፤ ጅቡቲ መልስ ስታዘገይ ደግሞ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር የመብራት ደረሰኞች በቴምር ካርቶን ውስጥ አድርጎ አመጣልን። የእኛን በሚመለከት፣ ቆቃ ካለው ግድብ በየሰዓቱ ምን ያህል ኃይል እንደወጣ ከተመዘገበበት ወረቀት ይወሰዳል፤ ብዙ የወጣበት ሰዓት ውድ፣ ጥቂት የወጣበት ርካሽ ይባላል።

ጓድ ዘውዴ አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነቃ ስክሪኑ ላይ «ገበያ» የሚል ቃል አየ። «የሶሻሊስት መብራት ገበያ አይወጣም!» ብሎ በካልሲው ቆመ። ኢንጂነሩ ረጋ ብለው «የምንሸጠው ለጎረቤት ነው ጓድ፣ በዶላር» ሲሉት ትንሽ አሰበና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ገበያ አላነሳም።

አሁን ቶሎሳ ይምጣ። ቶሎሳ የግድቡ ኦፕሬተር ነበር፤ በሉሜ ገበሬ ቤት ያደገ፣ ረጅም፣ ሳቂታ። ቆቃ ውሃው አጠገብ ትንሽ ቤት ነበረችው፤ ዙሪያዋን ፓፓያ ተክሏል። ኢንጂነሩ ወረቀቶቹን የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ እሱ ተላከልን። በጠዋቱ አውቶብስ ፓፓያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ «አካም ጅርታ ስንዱ?» ይለኛል፤ ከዚያ እሱ እያነበበ እኔ እየመታሁ እንውላለን። አማርኛው ጥሩ ነበር፤ ግን ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ የሆነ ነገር ያመለጠው እየመሰለው ይጨነቃል። ኢንጂነሩ ደግሞ ሲቸኩሉ አማርኛ ይጀምሩና እንግሊዝኛ አልፈው ጀርመንኛ ላይ ያርፋሉ። እኔም አይገባኝም ነበር፤ ልዩነቱ እኔ ባይገባኝም ግድ አልነበረኝም።

ወረቀቶቹ ላይ ሰዓቱ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሚዛን የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጅን ነው። ሥራው በተጀመረ ዕለት ኢንጂነር ፈቃደ ኮሪደር ላይ አገኙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ስንዱ፣ ቶሎሳ እንዳለ ያንብብ። አንቺ ስድስት እየደመርሽ ምቺ።» እሺ አልኳቸው። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። እባክዎ አንባቢዬ ይህችን ይያዙልኝ፤ የተነገረው ለእኔ ነው። ለእኔ ብቻ።

መጀመሪያ ላይ ደመርኩ። ቶሎሳ «ጠዋት አንድ ሰዓት» ሲል ሰባት፣ «ማታ አንድ ሰዓት» ሲል ከንጋት አሥራ ሦስተኛው ነውና አሥራ ዘጠኝ እያልኩ በደንብ ሠራሁ። ከዚያ ምን ሆነ? የሆነውን ስነግርዎ ታይፒስት ሆና እንዴት ብለው ይገረማሉ። ማሽኑ የለመደ መሰለኝ! አዲስ የቤት ሠራተኛ እንኳ ጥቂት ቀን ካሳዩአት ጨው የት እንዳለ ታውቃለች፤ ይህን ያህል የተወራለት፣ ብርድ ላይ የሚኖር፣ ጫማ የሚወለቅለት ማሽን ስድስት መደመርን እንዴት አይለምድም? ማንንም አልጠየቅሁም። አንድ ቀን መደመሩን ተውኩት፤ ማሽኑም ምንም አላለም፤ ዝም ማለቱን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። ከዚያ ወዲያ ቶሎሳ «ማታ አንድ» ሲል እኔ አሥራ ሦስት እየመታሁ፣ በመሐሉም ፓፓያ እየበላሁ፣ የአገሪቱን መብራት በሙሉ አዛወርኩት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥራ ማሽኑ ካልለመደበት ጊዜ ነው ብዬ አጥፍቼ በአዲሱ መንገድ እንደገና እስከ መምታት ደርሻለሁ። ይህን ያህል ትጉህ ነበርኩ።

ሚዛን ውጤቱን ያወጣ ቀን ኢንጂነር ፈቃደ በካልሲያቸው ዘለሉ። በወረቀቱ መሠረት ጅቡቲ ማታ መብራቷንና ማቀዝቀዣዋን አብርታ ኃይል ሲወደድባት፣ እኛ ጥርቅም አድርገን ዘግተን ተኝተናል፤ የቆቃ ውሃ በከንቱ ይፈሳል። ከዚህ የተሻለ ሻጭና ገዢ የት ይገኛል? በዚያው ሳምንት ኮካና ኬክ ተገዝቶ ድግስ ተደረገ። ኢንጂነሩ ሁለት ነገር ቃል ገቡ። ቶሎሳ ቆቃ ላይ የፈረቃ ኃላፊ እንዲሆን ሊጽፉለት፣ እኔ ደግሞ ለአጭር ኮርስ ምሥራቅ ጀርመን እንድላክ ሊያደርጉ። ቶሎሳ ኮካውን ከፍ አድርጎ «ለስንዱ ጣቶች!» አለ። እኔ ስለ በረዶ አስብ ነበር።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ልዑክ መጣ። በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚዛን መስመሮች በትልቁ ተለጥፈዋል፤ የጣራው ማራገቢያ ያጉረመርማል። ኢንጂነሩ አስረድተው ሲጨርሱ ሰው አጨበጨበ። የልዑኩ መሪ ጸጉራቸው የሸበተ መሐንዲስ ነበሩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ግድግዳው ተጠጉና አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ አዩት።

«እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ» አሉ። «እዚህ ላይ አገሩ በሙሉ መብራት የሚያበራው በምሳ ሰዓት ነው። ማታ ያጠፋል። ናዝሬት ቀን ቀን ይጨልማል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። ሳቁ አፌ ውስጥ እያለ ነገሩ ገባኝ። ማሽኑ አልለመደም። የሚለምድም አይደለም።

ኢንጂነር ፈቃደ ወደ ግድግዳው ሮጡ፤ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ፊታቸው ቀላ። «ስድስቱ! ስድስቱ አልተደመረም!» ብለው ጮኹና ወደ እኛ ዞሩ። «ስድስት ደምሩ ብዬ ነበር እኮ! ለማን ነበር ያልኩት?» አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ቶሎሳን ያያሉ። እውነትም አላስታወሱትም። በዚያ ኮሪደር በቀን ስንት ሰው ያገኛሉ! የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ ነበርኩ። እኔ፣ ስንዱ፣ ሹራብ ለብሼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ።

ዝም አልኩ።

ጉርዴ ላይ አንድ ነጭ ክር ነበረች፤ እሷን ለቀምኩ። ሌላ ክር ፈለግሁ፤ አልነበረም፤ ቢሆንም መልቀሜን ቀጠልኩ። በዚህ መሐል አጠገቤ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ቶሎሳ ቆሟል።

«እኔ ነኝ መሰለኝ ጓድ ኢንጂነር» አለ። «መጀመሪያ ቀን ብዙ ነገር አስረድተውኝ ነበር። ግማሹ አልገባኝም። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ለሁሉም እሺ፣ እሺ አልኩ። ስድስቱም እዚያ ውስጥ ይሆናል የነበረው።»

ጓድ ዘውዴ ይህን ጊዜ ነቃ። «ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!» ብሎ ጠረጴዛ መታ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የት እንደሚያደርስ ለማያውቅ ሰው ባልናገር ይሻላል። የልዑኩ መሪ ግን መነጽራቸውን እየወለወሉ «ጓድ፣ አሻጥር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያስቅም ነበር። ይቀመጡ» አሉት። ተቀመጠ። ስለ አሻጥር ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

እንግዲህ ፈርቼ ነው ልበልዎ? ብዙ ጊዜ ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ሰው በትንሽ ነገር ይታሰር ነበር፣ እኔ ምስኪን ታይፒስት፣ ወዘተርፈ። ግን ጓድ ዘውዴ ከተቀመጠ በኋላስ? አደጋው አልፎ፣ ሰው ተንፍሶ፣ ሻይ ቀርቦ፣ እኔ ብስኩት አንስቼ እየበላሁ እያለስ? ያን ጊዜ ምን ያስፈራኝ ነበር? በረዶው እንዳይቀርብኝ ነው የፈራሁት። ሌላ ፍርሃት አልነበረኝም። ብስኩቷ የምትጣፍጥ እንደነበረች ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ በዚያች አፍሬ እኖራለሁ።

ጥናቱ ተዘጋ። ሰዓቱ ሲስተካከል እኛም ጅቡቲም በአንድ ጊዜ መብራት አብርተን በአንድ ጊዜ የምንተኛ ጎረቤቶች ሆነን ተገኘን፤ በዚያን ጊዜ አያዋጣም ተባለ። ማሽኑ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ኤርኮንዲሽኑም ተከትሎት ሄደ፤ የሂሳብ ክፍል ቲማቲም መበስበስ ጀመረ። የቶሎሳ ሹመት ቀረ። እንዲያውም «ለጥንቃቄ» ተባለና ከቆቃ ተነሥቶ ከሻሸመኔ ወዲያ በናፍጣ ሞተር ወደምትበራ አንዲት ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ሞተር ማስነሣት፣ ሞተር ማጥፋት። ውሃውም ፓፓያውም ኋላ ቀሩ።

ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተኝ ቢሮ መጣ። ጫማ ማውለቅ ቀርቶ ነበር፤ እሱ ግን ለምዶበት ኖሮ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሊፈታ ጀመረና ሳቀ። የመጨረሻዎቹን ፓፓያዎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ስንዱ፣ አንቺንም ላስወቅስሽ ነበር እኮ» አለኝ። «ያን ሁሉ ደክመሽ በእኔ ምክንያት ሥራሽ ተበላሸ። ይቅር በይኝ።»

አሁን ይስሙ፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከዝምታዬም፣ ከብስኩቷም የከፋ። «ምንም አይደል ቶሎሳ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። ይቅር አልኩት! እኔ! እሱን! ጭንቅላቴን ዘንበል አድርጌ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ እንደ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሰጠሁት። «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገነኝ። ፓፓያውን ቤቴ ወስጄ በላሁት።

ኮርሱ አልቀረም። ምሥራቅ ጀርመን ሄድኩ፤ በረዶ አየሁ። ለካ በረዶ እርጥብ ነገር ነው፤ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ስመለስ ለቶሎሳ ስጦታ ልውሰድለት አልኩ። ከልብ ነው ያሰብኩት፤ ጥፋቴን በስጦታ ማስታመም ፈልጌ ይሆናል። ምን ብገዛለት ጥሩ ነው? ሬዲዮ ነበር፣ ጃኬት ነበር፣ ያማረ ጫማ ነበር። እኔ የእጅ ሰዓት ገዛሁ! ምን ዓይነት ሰይጣን እንደመከረኝ አላውቅም። ድንች ልገዛ ሻሸመኔ የሄድኩ ቀን እግረ መንገዴን ወደ እሱ ዘለቅሁና ሰጠሁት። በግራ እጁ የራሱ ሰዓት ነበረው። እኔም ለቀልድ ብዬ «ያኛው በአበሻ ይሁን፣ ይሄ ደግሞ በፈረንጅ ይሁንልህ» አልኩት። ሳቀና በቀኝ እጁ አሰረው። ከግራው በስድስት ሰዓት አራርቆ ሞላው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አልፈታውም።

በከተማዋ ስሙ «ባለ ሁለት ሰዓቱ» ሆነ። ለምን ሁለት አሰርክ ሲሉት ይነግራቸዋል፤ መንገሩን ይችልበታል። የሽማግሌውን መሐንዲስ አፍንጫ፣ የጓድ ዘውዴን ካልሲ፣ የኢንጂነሩን ጩኸት አንድ በአንድ ያሳያል። «የኢትዮጵያን መብራት በሙሉ በምሳ ሰዓት ያበራሁት ሰው እኔ ነኝ!» ብሎ ሁለቱንም እጆቹን ሲያነሣ ሰው ወንበር ይዞ ይስቃል። በሠርግ ይነግረዋል፣ በክርስትና ይነግረዋል። በየዓመቱ እንጠያየቃለን፤ ብዙ ጊዜ እኔ እዚያ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። «እሷ ነበረች የምትመታው፣ ምስኪን!» ይላል ወደ እኔ እየጠቆመ። እኔም እስቃለሁ። በየጊዜው ሳቅሁ። ዝምታዬ አንድ ጊዜ የሠራሁት ጥፋት ነበር፤ ሳቁ ግን በየዓመቱ እንደገና የምሠራው ሆነ።

ደህና ኑሮ መኖሩን አልክድም። ደስታ የምትባለውን ባለቤቱን ያገኛት እዚያው ነው፤ ሦስት ልጆች ወለዱ። እኔም ሰበብ ፍለጋ አላርፍምና እኔ ባላስዛውረው አያገኛትም ነበር፤ ሽማግሌ ልኬ የዳርኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል እያልኩ ራሴን ያመሰገንኩበት ጊዜ ነበር። እግዜር ያደረገውን ደስታ ለእኔ ጥፋት ማስታረቂያ ማድረጌ! በሞተር ጩኸት አንድ ጆሮው የደነቆረውንስ የማን ሥራ ልበለው? የጣቢያው ኃላፊ ሁን እየተባለ በተጠየቀ ቁጥር «ሰዓት የሚያስቆጥር ሥራ አልፈልግም» ብሎ እምቢ ማለቱንስ? አውቶብስ መቼ ይነሣል ብሎ ጠይቆ መልሱን ሲነግሩት «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» ይላል። ገጠር አውቶብስ በፈረንጅ ሲነሣ ማን አይቷል? ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እኔ ግን ዓይኑን አውቀዋለሁ፤ የእውነት ነው የሚጠይቀው። የሆነ ነገር ያመለጠው ይመስለዋል። ድሮም ይፈራው የነበረውን ነገር እውነት ነው ብዬ ያረጋገጥኩለት እኔ ነኝ።

ይህንንም ይዤ ልሞት እችል ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎ። ያናወጠችኝ የቶሎሳ ልጅ ጫልቱ ናት። ጫልቱ ኢንጂነር ሆና አዲስ አበባ ትሠራለች። በዚህ ሳምንት አዳማ ለስብሰባ መጥታ ቤቴ ጎራ አለች፤ ላፕቶፗን ከፍታ ሥራዋን አሳየችኝ። ዛሬ ለጎረቤት አገሮች ኃይል እንሸጣለን፤ እሷም የየአገሩን የመብራት ዋጋ በየሰዓቱ የሚያነጻጽር ፕሮግራም ላይ ነው የምትሠራው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መስመሮች። ሚዛንን አወቅሁት። አድጎ፣ ሰብቶ፣ ብርድ ሳይፈልግ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

«ሰዓቱስ?» አልኳት። «ስድስቱን ማን ይደምራል?»

«እሱማ ራሱ ያውቃል አክስቴ» አለችኝ።

አዩልኝ! ራሱ ያውቃል! እኔ ያኔ ያመንኩት ዛሬ ተፈጸመ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ላፕቶፑን እየዘጋች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «የሰዓት ዋጋውን ክፍል አንቺ ምሪ ብለውኛል፤ እምቢ ልላቸው ነው። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ» አለች።

«ለምን?»

«አባዬን አታውቂውም እንዴ? እኛ ቤት ሰዓት መቁጠር አይሆንልንም። ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ እያንዳንዱን ነገር ደጋግሜ ነው የማየው፤ አንድ ቀን ብሳሳት ልጅቷም እንደ አባቷ ይሉኛል። ለሌላ ሰው ይስጡት፣ እኔ በሰላም ልኑር።» እየሳቀች ነው የምትናገረው። ሳቋ የአባቷ ነው።

ይህን ጊዜ መሳቅ አቃተኝ። ስሕተቷን ያልሠራው ሰው ለልጁ አውርሷታል፤ የሠራኋት እኔ ደግሞ ልጅቷን ሻይ ጨምሬ ሸኘኋት። በሩ ላይ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ መስማት ያለበት እሱ ነው ብዬ መለስኩት። ይህ እንኳ ሰበብ እንዳይሆንብኝ ወዲያው ስልክ አነሣሁ።

«አሎ! ስንዱ! አካም ጅርታ!» ይጮኻል፤ ጆሮው ስለማይሰማ ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋል።

«እሁድ ልመጣ ነው ቶሎሳ። ጫልቱም ትምጣ በላት።»

«ገደላችሁን! በግ ላሳርድ ነዋ! ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?»

«ሦስት ሰዓት።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» አለኝ።

በአበሻ ነው አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ፤ እሁድ እዚያ ስደርስ ምላሴ እንዳይታሰር ልለማመደው ብዬ ነው።

በጉ ሳይቀርብ ነው የምነግረው። በልቼ መናገር አልፈልግም፤ ፓፓያው ይበቃኛል። «ስድስት ደምሪ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ኮሪደር ላይ፤ ለአንተ ማንም ምንም አልነገረህም፤ ያመለጠህ ነገር የለም» እለዋለሁ። እንደማውቀው መጀመሪያ ይስቃል፤ አዲስ ቀልድ ያመጣሁ ይመስለዋል። እንደገና እነግረዋለሁ። ሳቁን እስኪያቆም ድረስ እነግረዋለሁ፤ ጫልቱም ትስማ፤ በደንቆሮ ጆሮው በኩል ከሆንኩ ዞሬ እነግረዋለሁ። ከዚያ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ቢጮኽብኝ ይገባኛል። በጉን አብረን ብንበላም እበላለሁ፤ ሆዴን አውቀዋለሁ።

ዘመኑ ነው አልልም። ልጅ ነበርኩ አልልም። ከእርስዎም አንባቢዬ የምፈልገው ብዙ አይደለም፤ እስከዚህ መስማትዎ በቂ ነው። ከእሱ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ያኔ ፓፓያ ይዞ መጥቶ ከእኔ የወሰደውን ይቅርታ እንዲመልስልኝ፤ የእሱ አልነበረም፤ በስሕተት የያዘው የእኔ ዕዳ ነው። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ ደግሞ እሱ ያውቃል። ብቻ በፊቴ የቀኝ እጁን ሰዓት ይፍታልኝ።